ልጅ ከወላጁ አፍ ሊሰማው የሚገባ ነገር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል ለመናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ክፍሎቹ ብዛት፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ፈተናው ውጤት መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን በመዝገብ ላይ ስለማይጻፍ፥ በቀይ እስክርቢቶም ስለማይታረም አንድ ጉዳይ ልናገር አስቤአለሁ። ይኸውም ልጆቻችን በልባቸው ይዘውት ስለሚዞሩት ጥያቄ ነው።

ለልጅ ምን ያስፈልገዋል ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም ሳንዘገይ እንመልሳለን። እንጀራ፥ ልብስ፥ ጫማ፥ ደብተር፥ ሲታመም መድኃኒት። ይህ እውነት ነው፤ ወላጆችም ይህን ለማግኘት ከንጋት እስከ ምሽት እንደምትደክሙ እናውቃለን። ነገር ግን ጠግቦ የበላና ንጹሕ የለበሰ ልጅ በክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ይታያል። ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ሲጠየቅ አይመልስም፤ ወይም ያለ ምክንያት ይደባደባል። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው የዕለት ጉርስ አይደለም። «እኔ ማን ነኝ? የማን ልጅ ነኝ? የወጣሁበት ቤት የሚያኮራ ነው ወይስ የሚያሳፍር?» የሚለው ጥያቄው መልስ አላገኘም። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ ሊሰጥ የሚገባው ወላጅ ነው። ወላጅ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን መንገድ ላይ ያለው ተሳዳቢ በእርሱ ፈንታ ይመልስለታል።

ይህ ጉዳይ በየትም አገር ያለ ቢሆንም በእኛ በዘነበወርቅ ግን የተለየ ክብደት አለው። ምክንያቱን ለማስረዳት የሰፈራችንን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉም የተሰየመው ገና በወጣትነታቸው ባረፉት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት፥ ቦታው ከከተማው ውጭ በነበረበት ጊዜ፥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ እዚህ ተቋቋመ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ላይ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ሐኪሞችና ጤና ረዳቶች የሚማሩበት፥ ዛሬ አለርት ብለን የምንጠራው ማዕከል ተመሠረተ። ሕሙማን ከአራቱም ማዕዘን እየመጡ ታከሙ። ከታከሙ በኋላ ግን ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ አልቻሉም፤ ዘመድ ፊቱን አዙሮባቸው ነበርና። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፥ ተጋቡ፥ ወለዱ፥ እድርና ማኅበር አቆሙ። አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ጉራግኛና ትግርኛ የሚናገረው ሁሉ አጥር ለአጥር ሆኖ አብሮ ኖረ። ዛሬ ከተማው ሰፈራችንን አልፎ ሄዷል፤ ከበሽታው ጋር ምንም ያልተገናኙ ብዙ ቤተ ሰቦችም በመካከላችን ይኖራሉ። የጥንቱ ስም ግን ከሰው አፍ አልጠፋም።

በዚህም ምክንያት አንዳንድ ልጆቻችን «ሰፈርህ የት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «አየር ጤና» ወይም «ጦር ኃይሎች» ይላሉ። በታክሲም ሲሄዱ ከመውረጃቸው አንድ ፌርማታ አልፈው ወርደው በእግራቸው ይመለሳሉ። የጎረቤታችን የቆሼ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። የሰፈሩ ስም ራሱ ከቆሻሻ የወጣ በመሆኑ እንደ ስድብ ይቈጠርባቸዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ያን ሐዘን ያዩት ሕፃናት ዛሬ አድገዋል፤ ሐዘናቸውንና የሰፈራቸውን ስም በአንድነት ተሸክመው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ እንበል። አባቱ በልጅነታቸው በሥጋ ደዌ ታመው የዳኑ ሲሆኑ፥ የእጃቸው ጣቶች ግን አጥረው ቀርተዋል። ልጁ በትምህርት ቤት ጥፋት አጠፋና «ወላጅ ይዘህ ና» ተባለ። ልጁም አባቱን በማምጣት ፈንታ አንድ ጎረቤት ለምኖ «አጎቴ ናቸው» ብሎ ያመጣል። ነገሩ ሲገለጥ አባት ልባቸው ይሰበራል። «ወልጄ አሳድጌ፥ በዚህ እጄ ለምኜና ሠርቼ አብልቼ ካደኩኝ?» ይላሉ። ቊጣቸው ይገባናል። ነገር ግን ልጁ አባቱን ጠልቶ ነው ልንል አንችልም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው አባቱ በጓደኞቹ ፊት ሲዋረዱ ለማየት የማይችል ልጅ ነው። ሰው በአባቱ እጅ ላይ ሲሣለቅ ከሚያይ አባቱን መሸሸግ ይቀለዋል። ይህን የተረዳ ወላጅ ከመምታትና ከመርገም በፊት «ልጄ፥ እኔ ብመጣ ምን ይሉሃል ብለህ ነው የፈራኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል። ልጁ ያለቅስ ይሆናል፤ ይናገርም ይሆናል። ያን ቀን በእርሱና በአባቱ መካከል የቆመው ግድግዳ መፍረስ ይጀምራል።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለክፉ ወሬ ይህ መልካም ምክር ነው። በቤት ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ ዝምታ ግን ይነቅዛል። ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት አለን። ለሥጋ በሽታ የተነገረው ይህ ቃል ለልብ ሕመምም ይሠራል። ወላጅ ስለ በሽታው ምንም ሳይናገር ሲቀር ልጁን ከኀፍረት ያዳነው ይመስለዋል። ልጁ ግን የሚማረው «ይህ ነገር ሊነገር የማይችል፥ እጅግ የሚያሳፍር ነው» የሚለውን ነው። ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም፤ ኀፍረት ግን በዝምታ ይወረሳል። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ እንዲሆን እለምናችኋለሁ።

ነገር ግን ለልጅ እውነቱን ለመንገር ወላጅ ራሱ እውነቱን ማወቅ አለበት። ሥጋ ደዌ የእርግማን ወይም የኃጢአት ውጤት አይደለም። በዓይን በማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ መሆኑን አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው በ1865 ዓ.ም. ነው። ከሰዎች አብዛኞቹ ይህን ተሕዋስ ለመቋቋም የሚያስችል ተፈጥሮ አላቸው። በመጨባበጥ፥ በአንድ ወንበር በመቀመጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ሕክምና ካላገኘ ሕመምተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ነው። በ1974 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን፥ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ በሽታው እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል። መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል።

ታዲያ አባት ከዳኑ ጣታቸው ስለ ምን አልተመለሰም? ልጆች ሁሉ የሚጠይቁት ይህን ነው። በሽታው የሚጎዳው ጅማትን ሳይሆን የስሜት ነርቭን ነው። ነርቭ የሞተበት እጅ የድስቱን ግለት አያውቅም፤ እግርም የሚወጋውን እሾኽ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ይቃጠላል፥ ይቈስላል፤ ቊስሉም ሲደጋገም ጣት እያጠረ ይሄዳል። በሽታው ከሄደ በኋላም ጠባሳው ይቀራል። ጠባሳ ግን በሽታ አይደለም። ጦርነት ያቆሰለው ወታደር ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ጠባሳው እንደሚቀር ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው። ይህን የተረዳ ልጅ የአባቱን እጅ ሲያይ የሚያየው አንድ ሰው ታግሎ ያሸነፈበትን ምልክት ነው። እግረ መንገዴንም አንድ ነገር ልጨምር። በልጅ ገላ ላይ ቀለሙ የተለወጠ፥ ሲነኩትም ስሜት የሌለው ምልክት ብታዩ ሳትሸሽጉ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በጊዜው የታከመ ልጅ አካሉ ሳይጎዳ ይድናል።

እንግዲህ ይህን እውነት ለልጅ እንዴት እንንገረው? በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፥ በዕድሜው መጠን መንገር ነው። የ5 ዓመት ሕፃን «አባባ፥ ጣትዎ የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ ረጅም ትምህርት አይፈልግም። «ልጅ ሳለሁ ታምሜ ነበር፤ ሐኪሞች አዳኑኝ፤ ጣቴ ግን ተጎዳ» ማለት ይበቃዋል። «ዝም በል! ሂድ ተጫወት!» ተብሎ የተባረረ ሕፃን ግን ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ጥያቄው ግን አብሮት ያድጋል። የ10 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ስድብ ስለሚሰማ የበሽታውን ስምና እውነቱን ከቤት አስቀድሞ ሰምቶ ቢሄድ ጋሻ ይሆነዋል። ለ16 ዓመቱ ወጣት ደግሞ ሙሉውን ታሪክ፥ መገፋቱንና መከራውን ጭምር፥ እንደ ትልቅ ሰው ቊጭ ብሎ ማጫወት ይገባል።

ሁለተኛ፥ የልጁን ስሜት አለማናናቅ ነው። «ሰደቡኝ» ብሎ እያለቀሰ ለመጣ ልጅ «ተዋቸው፥ ምን አለበት?» ማለት ማጽናናት ይመስላል፤ ልጁ ግን «ሕመሜ ለእናቴም አልታያትም» ብሎ ይሄዳል። «እውነት ነው ያማል፤ እኔንም ያመኝ ነበር» ያለችው እናት ግን ብቻውን እንዳልሆነ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ምክር ብትሰጠው ይሰማታል።

ሦስተኛ፥ ሥር መስጠት ነው። በአገራችን ልጅ አባቱን፥ አያቱንና ቅድመ አያቱን እየቈጠረ ማደጉ የቆየ ልማድ ነው። ከትውልድ አገራቸው ተገፍተው የመጡ ወላጆች ግን ቊስላቸውን ላለመንካት ሲሉ ያንን አገር ፈጽመው አያነሡም። ስለዚህ ልጁ «የአባትህ አገር የት ነው?» ሲባል የሚመልሰው ያጣል። ወላጆች ሆይ፤ ዘመድ ቢገፋችሁም ወንዙና ተራራው አልገፏችሁም። የአያቱን ስም፥ የመንደሩን ስም፥ የበዓሉን አከባበር፥ ቋንቋውንም ንገሩት። ደግሞም እዚህ ከመጣችሁ በኋላ የሠራችሁትን ንገሩት። በአለርት አካባቢ ከበሽታው የዳኑ እናቶች በተጎዳ እጃቸው የሚጠልፉት ጥልፍ ከሩቅ አገር በመጡ እንግዶች ሲደነቅና ሲገዛ ኖሯል። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ወገኖቻችንም በ1980ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው ስለ መብታቸው በራሳቸው አፍ መናገር ጀምረዋል። ይህ ለልጅ የሚወረስ ሀብት ነው።

አራተኛ፥ ልጁ ራሱን እንዲሆን መፍቀድ ነው። አንዳንድ ወላጅ የደረሰበትን ውርደት ልጁ በትምህርት እንዲያጥብለት ስለሚፈልግ «አንተ ሐኪም ሆነህ አፋቸውን ታስይዛለህ» እያለ ከዐቅሙ በላይ ያሸክመዋል። ተስፋ ማድረግ መልካም ነው። ልጅ ግን የወላጁን ዕዳ ለመክፈል ብቻ የተወለደ አይደለም። ሥዕል የሚወድ፥ እንጨት ሥራ የሚወድ፥ እርሻ የሚወድ ይኖራል። ፍላጎቱን ጠይቁት፤ ሲናገርም አታቋርጡት።

ይህን ስናገር «ይህ እኛን አይመለከትም፤ በቤታችን ሥጋ ደዌ አልገባም» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ይበልጥ የሚመለከተው እርሱን ነው። ልጁን «ከእነ እገሌ ልጅ ጋር አትጫወት፥ ከምሳ ዕቃው አትቅመስ» ብሎ የሚልክ ወላጅ ለሁለት ልጆች በአንድ ቀን ክፉ ትምህርት ይሰጣል። አንዱ ልጅ ሰውን መናቅ ይማራል፤ ሌላው ልጅ ራሱን መናቅ ይማራል። ከዚህም ሌላ በየቤታችን የሚሸሸግ ነገር አለ። አንዱ ልጅ አባቱን አያውቅም፤ ሁለተኛው የማደጎ መሆኑ አልተነገረውም፤ የሦስተኛው እናት ዐረብ አገር ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አራተኛው የቤቱን ቋንቋ በጓደኞቹ ፊት ለመናገር ያፍራል። ስለ ሥጋ ደዌ የተናገርሁት ሁሉ ለእነዚህም ይሠራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱንም እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ወላጅን ማወቅ ማለት መልኩን ማየት ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝምታ ምን ያህል ዘመን እንደሚዘልቅ ለመረዳት ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በጃፓን አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከሕዝብ ለይቶ የሚያኖረው ሕግ የተሻረው በ1988 ዓ.ም. ነው። የታመሙት ሰዎች ልጆችና ወንድሞችም በትምህርት ቤት፥ በጋብቻና በሥራ ሲገለሉ ስለ ኖሩ ብዙዎቹ የዘመዳቸውን ነገር ሸሽገው አረጁ። በመጨረሻ ከ500 በላይ የሆኑ የቤተ ሰብ አባሎች መንግሥትን ከሰሱ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በደል እንደ ደረሰባቸው ፈረደላቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አልፎ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ለቤተ ሰቦች ካሣ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በሥጋ ደዌ በተጠቁ ሰዎችና በቤተ ሰቦቻቸው ላይ የሚደረገው አድልዎ እንዲቀር የሚጠይቁ መመሪያዎችን ተቀብሏል። እነዚያ የጃፓን ልጆች የልባቸውን ለመናገር እርጅናን ጠበቁ። የእኛ ልጆች ግን ያን ያህል እንዲጠብቁ አንፍቀድ።

መምህራን ባልደረቦቼ ሆይ፤ የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም። «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው? ሰፈርህስ?» የሚለውን በክፍሉ ሁሉ ፊት ጮኸን አንጠይቅ፤ በጽሑፍ ወይም ለብቻ ጠርተን እንጠይቅ። ወላጅ ወደ ግቢያችን ሲመጣ፥ እጁ የተጎዳም ቢሆን፥ ከመቀመጫችን ተነሥተን በእጃችን እንጨብጠው። ከመቶ ሰዓት ስብከት ይልቅ ተማሪዎች ይህን አንድ ሰላምታ አይተው ይማራሉ።

ተማሪዎች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ወላጆቻችሁ ዝም ያሉት ስላልወደዷችሁ አይደለም፤ ያለፉበት መንገድ እጅግ ስለሚያም ነው። እነርሱ ለመጀመር ቢከብዳቸው እናንተ በአክብሮት ጀምሩላቸው። ማታ ቡና ሲፈላ «እማማ፥ ወደዚህ ሰፈር እንዴት ነበር የመጣችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአንድ ማታ ላያልቅ ይችላል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ «ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል ይዞ የሚመጣው እናንተን እንዲሆን ምኞቴ ነው። በራችን ለሁላችሁም ክፍት ነው። ልጃችሁም በግቢው መካከል ከጎናችሁ ቆሞ «አባቴ ናቸው፤ እናቴ ናት፤ ሰፈሬም ዘነበወርቅ ነው» ለማለት የሚችልበትን ልብ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።